ባጅ ይቅደም ወይስ ክንፍ? በአሜሪካ የፖሊስ አብራሪ መሆን ለሚያስቡ

«ጋሼ፣ እሱን የሚያበሩት እነማን ናቸው?»

የአክስቴ ልጅ ይህን የጠየቀኝ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አፓርታማቸው በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ነው። ከላያችን የፖሊስ ሄሊኮፕተር አንድ ቦታ ላይ ይዞራል። መብራቱን ወደ መሬት ለቆ ዛፎቹን እንደ ቀን ያበራቸዋል፣ ራቅ ይላል፣ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። በዲቪ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። ሲኒውን እንደያዘ አንጋጦ ቀረ። ቡናው ቀዘቀዘ።

«እኔ መሆን አልችልም?» አለኝ።

ያን ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሥራ ማስታወቂያዎችን አነበብኩ፣ ደንቦቹን ፈተሽኩ፣ አብሬውም አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሐኪም ወይም ኢንጂነር ለመሆን የሚፈልግ ልጅ የሚያማክረው የአገሩ ሰው አያጣም። ለዚህ ሥራ ግን ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ የለንም። ስለዚህ ያገኘሁትን እነሆ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህ ሥራ ሁለት ሙያ በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ሕግ ማስከበርና ማብረር። በአንዱ መንገድ አስቀድማችሁ በራሳችሁ ወጪ አብራሪ ትሆናላችሁ፣ ባጁ በኋላ ይመጣል። በሌላው መንገድ መጀመሪያ ፖሊስ ትሆናላችሁ፣ ሰማዩ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። የሚመጣበት ዋስትናም የለም። ስለዚህ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ደሞዙን ከማወዳደራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ባገኝ የትኛውን ይዤ ደስ ብሎኝ እኖራለሁ?

ክንፍ ይዞ መግባት፦ የፌዴራሉ መንገድ

በፌዴራል ደረጃ ትልቁ በር የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአየርና ባሕር ክፍል ነው። በአጭሩ ኤኤምኦ ይሉታል። አብራሪው «ኤር ኢንተርዲክሽን ኤጀንት» ይባላል። ያበራል፣ መሣሪያ ይታጠቃል፣ የማሰር ሥልጣንም አለው።

የሚያበሯቸው ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ኤ-ስታር የሚባለው ቀላል ሄሊኮፕተር አለ። ከእሱ የሚበልጠው ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር አለ። ሴስና 206 እና ኪንግ ኤር 350 የሚባሉ አውሮፕላኖች አሉ። ባለ አራት ሞተሩ ፒ-3 ከጃክሰንቪል ፍሎሪዳና ከኮርፐስ ክሪስቲ ቴክሳስ እየተነሳ በባሕር ላይ አደንዛዥ ዕፅ የጫኑ ጀልባዎችን ያድናል። ሰው ሳይሳፈርበት የሚበረው ኤምኪው-9ም በእጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ ሰዎችን ከጎርፍ ካወጡት መካከል የዚህ ክፍል ሠራተኞች ይገኙበታል።

በሩ ግን ጠባብ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው። የኮሜርሻል ላይሰንስ (እየተከፈላችሁ ለማብረር የሚያስችለው) ከኢንስትሩመንት ማረጋገጫ (ውጭው ሳይታይ በመሣሪያ ለማብረር የሚያስችለው) ጋር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። በዚያ ላይ ብዙ መቶ የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ሰዓቱ በየማስታወቂያው ስለሚለያይ፣ ከሰው አፍ ሳይሆን የሥራ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ያዙ። 40 ዓመት ሳይሞላችሁ ለምርጫ መቅረብ አለባችሁ። የቀድሞ ወታደሮችና በፌዴራል ሕግ አስከባሪነት የሠሩ ሰዎች የዕድሜው ገደብ ላይመለከታቸው ይችላል። ከዚያ የጀርባ ታሪክ ማጣራት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የአካል ብቃት ፈተና ይከተላል። ፖሊግራፉም (የውሸት መመርመሪያው) አለ፤ ለዚህ መሥሪያ ቤት ሕግ አስከባሪነት ለሚያመለክቱ በሕግ ግዴታ ተደርጓል። ያለፈ ሰው ግሊንኮ፣ ጆርጂያ ወደሚገኘው የፌዴራል ማሠልጠኛ ይገባል።

ጥቅሙ ጥሩ ነው። በማንኛውም ሰዓት ለመጠራት ዝግጁ በመሆን በደሞዙ ላይ 25 በመቶ ይጨመራል። 20 ዓመት ያገለገለ ሰው በ50 ዓመቱ ጡረታ መውጣት ይችላል። 57 ሲሞላ ግን፣ 20 ዓመቱ ካለቀ፣ መውጣት ግዴታ ነው። ይህን ከአየር መንገድ አብራሪ ጋር አስተያዩት፤ እሱ እስከ 65 ይበራል።

ቦታውን የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው። ኤል ፓሶ፣ ቱሳን፣ ማካለን፣ ወይም ፖርቶ ሪኮ ልትመደቡ ትችላላችሁ። እናቱን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚያስታምም ልጅ ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

አሁን ደግሞ ሰዎች ሊያነሱት የማይፈልጉትን ላንሳ። ይህ የድንበር ሥራ ነው። ከመካከላችን በደቡብ አሜሪካ ዞሮ፣ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል የገባ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ያለው ብዙ ነው። አሪዞና በረሃ ላይ ስትበሩ ከታች የምታዩት ሰው እንደዚያ ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቀን በውሃ ጥም ሊሞት የደረሰን ሰው ታነሳላችሁ። ሌላ ቀን የሚሸሽን ሰው እስኪያዝ ድረስ ከላይ ትከታተላላችሁ። ሁለቱም የአንድ ሥራ ክፍል ናቸው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ልጇም ዝም አለ። ሥራው ነውር ነው ማለቴ አይደለም። በረሃ ውስጥ የወደቀን ሰው የሚደርስለት ይኸው ሄሊኮፕተር ነው። ግን ጥያቄውን ዩኒፎርም ከለበሱ በኋላ ሳይሆን ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ከራሳችሁ ጋር ጨርሱት።

አብራሪ ሳትሆኑ ከኋላ ሆናችሁ ካሜራና ራዳር የምትሠሩበት፣ በገመድም የምትወርዱበት የበረራ ቡድን አባልነት ቦታም በዚሁ ክፍል አለ። ለማብረር ገንዘቡ ለሌለው፣ በሰማይ ላይ የሚሠራውን ሥራ ግን ለሚወድ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው።

ባጅ ይዞ መውጣት፦ የከተማና የስቴት ፖሊስ

የኒው ዮርክ ፖሊስ የአየር ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የሎስ አንጀለሱ በ1956 ተጀመረ፤ ዛሬ ሄሊኮፕተሮቹ የሚነሱት መሃል ከተማ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። በእነዚህ ክፍሎች ማንም ከመንገድ ተነስቶ በቀጥታ ሄሊኮፕተር ውስጥ አይገባም። አካዳሚ ትገባላችሁ፣ ፓትሮል ትወጣላችሁ። የሰከረ ታነሳላችሁ፣ የባልና ሚስት ጠብ ትገላግላላችሁ፣ አደጋ ላይ ቆማችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። እንዲህ ዓመታት ካለፉ በኋላ የአየር ክፍሉ ቦታ ሲከፈት ትወዳደራላችሁ። ቦታው ጥቂት ነው፤ ተወዳዳሪው ብዙ።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ የአብራሪው ወንበር አይደለም። አጠገቡ ያለው ነው። እዚያ የሚቀመጠው ሰው «ታክቲካል ፍላይት ኦፊሰር» ይባላል። ከውጭ ሲታይ ረዳት ይመስላል። ስለዚህ ሰው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም ሥራው ያለው እሱ ጋ ነው።

አብራሪው ያበራል፤ ይህኛው ደግሞ ያያል፣ ይናገራል፣ ይመራል። ጭኑ አጠገብ የካሜራው መቆጣጠሪያ አለ። ፊቱ ላይ ስክሪን አለ። ካሜራው ሙቀት ያያል፤ ቁጥቋጦ ሥር የተኛ ሰው በጨለማ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ገና የጠፋ ሞተርም እንደዚሁ። በጆሮው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ራዲዮ ይንጫጫል፤ መሬት ያለው ፖሊስ፣ ጥሪ ተቀብሎ ፖሊስ የሚያሰማራው ዲስፓች፣ የአየር ማረፊያው ታወር። አብራሪው ሄሊኮፕተሩን ወደ ጎን ጋደም አድርጎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። እሱ ደግሞ አቀርቅሮ ስክሪን ላይ የመንገድ ስም እያነበበ «ከሦስተኛው ቤት ጀርባ፣ አጥሩን ዘልሎ ወደ ምሥራቅ» ይላል። አሁን ስልካችሁን እያያችሁ በጠመዝማዛው የደጀን መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ አስቡት። ሆዱ የሚችልለት ሰው ይቀጥላል። ያልቻለው ደግሞ የቱንም ያህል ጎበዝ ፖሊስ ቢሆን ይመለሳል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ገንዘብ ነው። ብዙ የአየር ክፍሎች አብራሪ የሚያደርጉትን መኮንን በራሳቸው ወጪ ያሠለጥናሉ። ደሞዝ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ ማለት ነው። ሌላው ጥቅም ደግሞ በሰፈራችሁ መቅረታችሁ ነው።

የስቴትና የፓርክ ፖሊስ ደግሞ ከዚህ ትንሽ ይለያሉ። በዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች የ14ኛ ጎዳና ድልድይን በየቀኑ እናቋርጣለን። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1982 የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን በበረዶ ምክንያት ያን ድልድይ መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። የፓርክ ፖሊስ ሄሊኮፕተር ደርሶ ውሃው ውስጥ የነበሩትን ለማውጣት ታገለ። አብራሪው የሄሊኮፕተሩ ማረፊያ እግር ውሃው ውስጥ እስኪገባ ዝቅ አለ፤ ባልደረባው በዚያው ማረፊያ እግር ላይ ቆሞ ሰው በእጁ ያዘ። ከአውሮፕላኑ አምስት ሰዎች ተረፉ። ወንዙን ሳቋርጥ ትዝ ይለኛል።

የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስም በዋናነት የሚያመላልሰው የተጎዳ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ። የአብራሪነቱን ቦታ ለሲቪል አብራሪዎችም ይከፍታል። ስለዚህ ባጅ ሳትይዙ ይህን መሰል ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። ነገር ግን አደጋውንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ማታ፣ ሁለት የመኪና አደጋ ተጎጂዎችን የጫነ የዚህ ክፍል ሄሊኮፕተር ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ዲስትሪክት ሃይትስ አጠገብ ወደቀ። ከአምስቱ አራቱ ሞቱ። ዛሬ በአዳዲሶቹ ሄሊኮፕተሮች ላይ ሁለት አብራሪ ይቀመጣል። ይህ ሥራ በሌሊት፣ ዝቅ ብሎ፣ ሰው ሊሞት ነው እየተባለ የሚሠራ ነው። «እንሂድ» የሚለው ግፊት ከባድ ነው። አልሄድም ማለት የማይችል ሰው ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱ ደግሞ በጀት ነው። የአየር ክፍል ውድ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ኦዲተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው ሪፖርት የፖሊስ ሄሊኮፕተሮቹ በዓመት ከ46 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጁ፣ ከበረራ ሰዓቱም 61 በመቶው አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ እንደዋለ ገልጿል። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ከወጣ የከተማ ምክር ቤት መቀስ ያነሳል። አሥር ዓመት ጠብቃችሁ የምትደርሱበት ወንበር ሊቀነስ ይችላል።

ኤር ማርሻል

ብዙ ሰው ከዚህ ጋር ያምታታዋል። ኤር ማርሻል አያበራም። እንደ ተሳፋሪ ሲቪል ለብሶ፣ ታጥቆ ይቀመጣል። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በፊት በመላ አገሪቱ 33 ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ በሺዎች ሆኑ። ዜግነት ያስፈልጋል፣ 37 ዓመት ሳይሞላ መግባትም። 25 በመቶው ጭማሪ እዚህም አለ። የሚወደድ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማብረር የሚፈልግ ልጅ በየቀኑ አብራሪው ኮክፒት ሲገባ እያየ ከኋላ መቀመጡ ይከብደዋል።

ድሮን

ይህን በር አትናቁት። የካሊፎርኒያዋ ቹላ ቪስታ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 911 ሲደወል ከፖሊስ መኪናው በፊት ድሮን ትልካለች። ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2023 በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን ይህንኑ ጀምሯል። ድሮኑ ከጣሪያ ላይ ይነሳል፤ የሚቆጣጠረው ሰው ካሜራው ያየውን ለሚሄደው ፖሊስ ይነግራል። የታክቲካል ፍላይት ኦፊሰሩ ሥራ ነው፤ ሆድን የሚገለብጠው ዙረት ሲቀር።

የድሮን ላይሰንስ ለማግኘት 16 ዓመት መሙላት፣ እንግሊዝኛ መቻልና 60 ጥያቄ ያለው ፈተና ላይ 70 በመቶ ማምጣት ነው። ክፍያው 175 ዶላር ነው። ዜግነት አይጠይቅም። በዚህ ዋጋ ሰማዩን የሚያስተዋውቅ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

ለእኛ ሰው የሚያስፈልጉ ጉዳዮች

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መብረር መማር ይችላል። ግን ዜጋ ያልሆነ ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤቱን (የቲኤስኤን) የደህንነት ማጣሪያ ማለፍ አለበት። አሻራ ትሰጣላችሁ፣ ክፍያ አለው። ለማስተዋወቅ ብቻ የሚደረገው የአንድ ጊዜ የሙከራ በረራ ይህን አይጠይቅም።

ዜግነት ግሪን ካርድ ከተገኘ በአምስት ዓመት ይመጣል፤ የአሜሪካ ዜጋ ላገባ በሦስት። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ከዚያ በኋላ አገር ቤት የምትኖሩት በቢጫ ካርድ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2023፣ ኢሊኖይ ከ2024 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ፣ የመሥራት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ፖሊስ እንዲሆኑ በሕግ ፈቅደዋል። አምስት ዓመቱን እየጠበቀ ባጁን መጀመር ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ጫት። በግልጽ ልናገር። አገር ቤት ሕጋዊ ነው፤ እዚህ ግን በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው። «ቅጠል ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። ማሪዋናም በሜሪላንድ ቢፈቀድ በፌዴራል አልተፈቀደም። ይህን ሥራ የሚያስብ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ይተው። ያለፈውን ሲጠየቅ ደግሞ እንዳለ ይናገር። ፖሊግራፍ ላይ ብዙ ጊዜ ከድርጊቱ ይልቅ መደበቁ ይጥላል።

ለቤተሰብ የምትልኩት ገንዘብ ወንጀል አይደለም። ግን በጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ውጭ አገር ያለው ዘመድና የሚላከው ገንዘብ ይጠየቃል። በሕጋዊ መንገድ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ።

አዲስ አበባ በአየር መንገዱ ማሠልጠኛ አብራሪ ሆናችሁ የመጣችሁ ደግሞ ላይሰንሳችሁን አቅርባችሁ እዚህ በቀላሉ የምታገኙት የግል አብራሪ ላይሰንስ ነው። ለኮሜርሻሉ የአሜሪካን ፈተና ትፈተናላችሁ። የበረራ ሰዓታችሁ ግን አይጠፋም፤ ሎግ ቡካችሁን (የበረራ ሰዓት መዝገባችሁን) እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት።

ገንዘቡ

ክንፍ ቀድሞ የሚለው መንገድ ሂሳብ ይፈልጋል። ለአውሮፕላን ኮሜርሻል ላይሰንስ በተለመደው መንገድ 250 ሰዓት፣ ለሄሊኮፕተር 150 ሰዓት ያስፈልጋል። የሄሊኮፕተሩ ሰዓት ያንሳል፤ የሰዓቱ ዋጋ ግን ከትንሿ ሴስና በእጅጉ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ያለውን ሰዓት አብዛኛው ሰው የሚሞላው ኢንስትራክተር ሆኖ ሌላውን እያስተማረ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ደግሞ አየር መንገዶች ይመጣሉ፤ በ1,500 ሰዓት እነሱም ይፈልጓችኋል፣ ውሎ አድሮም የበለጠ ይከፍላሉ። ያኔ ባጁን የሚመርጠው ከልቡ የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ሠራዊቱ አለ። በግሪን ካርድ ወታደር መሆን ይቻላል፤ አብራሪ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል። የጦር ሠራዊቱ አብራሪ ከሠለጠነ በኋላ 10 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። ቀላል ውል አይደለም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ፣ ለሥልጠና አንድ ዶላር ሳትከፍሉ መጀመሪያ የአቪዬሽን ሜዲካል ምርመራውን አድርጉ። ብዙ ሺህ ካወጡ በኋላ ቀለም መለየት እንደማይችሉ ማወቅ ያሳዝናል።

የእኔ ምክር? ፓትሮል ብቻ ሆኖ ቢቀር የማይከፋው ሰው ወደ ከተማው ፖሊስ ይሂድ። ባጁ ቢቀርበት የማይቆጨው፣ መብረር ግን ከቀረበት የሚያንገበግበው ሰው ሰዓቱን ይሰብስብ፤ ፌዴራሉ ባይሆን አየር መንገዱ ወይም የሕክምና ሄሊኮፕተሩ ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ ግማሽ ልብ ያለው ሰው በድሮን ይጀምር።

ማናሳስ አየር ማረፊያ ለሙከራ በረራ የሄድን ቀን ኢንስትራክተሯ ወጣት ሴት ነበረች። ከመነሳታቸው በፊት ለአክስቴ ልጅ ትንሽ ግልጽ ብርጭቆ ሰጠችው። ክንፉ ሥር ገብቶ ጥቂት ነዳጅ ቀዳ። «ወደ ብርሃን አንሳው» አለችው። ሰማያዊ ነው። «ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይተኛል» አለችው።

«ካለስ?»

«ደፍተህ እንደገና ትቀዳለህ።»

«አሁንም ካለ?»

«ዛሬ አትበርም።»

ብርጭቆውን አሁንም አሁንም እያዟዟረ አየው። በመኪና ስንመለስ ስለ በረራው ብዙ ያወራል ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ካውንቲው ፖሊስ ጋ አብሬ ፓትሮል ልወጣ ተመዝግቤአለሁ» አለኝ። «እሱንም ልየው።»